ላላ ያለ እጅ

ይመኙሽ ዘነዘናውን ከፍ አደረገችና ወደ ሙቀጫው ለቀቀችው። የተቆላው ገብስ ከሥሩ ደቀቀ። ጣቶቿ ከእንጨቱ ጋር አብረው አልወረዱም፤ መንገድ ላይ ለቀቁት፣ ነጥሮ ሲመለስ ተቀበሉት። እንዲህ እንደምታደርግ እሷ ራሷ አታውቅም ነበር። ለአራሹ በሶ እያዘጋጀች ነው፤ ሐሳቧ ግን ከሙቀጫው ርቆ ሄዷል።

"ቆዪ እስቲ፤" አሉ እትየ ሐረገወይን። የጎረቤት ባልቴት ናቸው፤ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲመለከቷት ቆይተዋል። "እጅሽን አሳዪኝ።"

ይመኙሽ መዳፏን ዘረጋች። ከአውራ ጣቷ ሥር ውሃ የቋጠረ ቁስል ነበር።

"ይኸ የዘነዘናው ነው?"

"የዱላው ነው።"

"ዘነዘናው ከዱላው አይከብድም?"

"ይከብዳል።"

"ታዲያ ከባዱ ያላቆሰለሽን ቀላሉ ምነው አቆሰለሽ?"

ይመኙሽ እጇን ሰበሰበች። ጥያቄው ሰልችቷታል። ከፋሲካ ጀምሮ በየማለዳው ይኸንኑ ነገር በሌላ በሌላ ቃል ትጠየቃለች። በሬው ዛሬ ይጠመዳል፤ ፋንታሁንም ዛሬ ይመጣል፤ እትየ ሐረገወይን ግን ስለ ዘነዘና ያወራሉ።

የአጎቷ ልጅ ፋንታሁን ሁለት ክረምት ሙሉ የአባቷን መሬት አላሳርስ ብሏታል። አባቷ አያ ተክለ ጊዮርጊስ ሲሞቱ እሷ እንፍራንዝ በትዳር ላይ ነበረች። ትዳሩ ሲፈርስ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ተመልሳ የአባቷን ቤት ከፈተች፤ ከወይራው ዛፍ ሥር ያለውን እርሻ ግን ፋንታሁን ይዞት አገኘችው። ጎንደር ድረስ ወርዳ ከሰሰች፤ ተፈረደላት። ፍርዱ ግን ጎንደር ቀረ። ባለፈው ዓመትም በሬ ስታስጠምድ ፋንታሁን መጣ፤ በዱላው አንዴ ነካ ሲያደርጋት ዱላዋ ከእጇ ወደቀ። አንስቶ በጉልበቱ ሰበረላትና ስባሪውን በሁለት እጁ አስረከባት። የዚያን ለት የሳቀው ሳቅ ከመንደሩ ገና አልጠፋም።

ወንድ ቀጥሮ ማቆም አይሆንም። ወንድ ወንድን ቢመታ ደም ነው፤ ደሙ ወንድም ለወንድም ይወራረሳል። ዝም ማለትም አይሆንም። መሬቱ ዘንድሮም ጦሙን ካደረ ሽማግሎቹ "ያረሰ ይያዘው" ማለታቸው እንደማይቀር ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ እሷው ራሷ ከድንበሩ ላይ መቆም አለባት፤ ስትቆምም ዱላዋ ከእጇ መውደቅ የለበትም። የምትፈልገው ይኸን ብቻ ነበር።

"ነይ፤" አሉ እትየ ሐረገወይን ከተቀመጡበት እየተነሡ። "አንድ ጊዜ ብቻ።"

በጠላት ጊዜ ወንዶቹ ዱር ሲገቡ ከብቱን የጠበቁት ሴቶቹ ነበሩ፤ እትየ ሐረገወይን ዱላ የተማሩት ያኔ፣ አባታቸው ዱር ከመግባታቸው በፊት፣ ከሳቸው ነው። ዛሬ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ሲራመዱም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ። ምርኩዛቸውን ሲሰነዝሩ ግን ክንዳቸው የውሃ ያህል ይፈስሳል።

ይመኙሽ ዱላዋን አንስታ ቆመች። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ። እትየ ሐረገወይን ሰነዘሩ። ምቱ በእንጨቱ አልፎ እስከ ክርኗ ነዘራት፤ ዱላው ወድቆ ከሙቀጫው ሥር ተንከባለለ።

"አንቺ ልጅ፣ ዱላ ነው ወይስ ዶሮ ነው የያዝሽው? ክንፍ የለውም እኮ፤ አይበርም!"

"ካላጠበቅሁት ይወድቃላ!"

"አጥብቀሽውስ መቼ ቀረልሽ?"

"እንግዲህ ምን ላድርግ?" ድምፅዋ ተሰበረ። "ዘና በይ ይሉኛል። ያ ሰውዬ ሊመጣ፣ ሰው ሁሉ ሊስቅብኝ፤ ዘና በይ!"

እትየ ሐረገወይን ዱላውን አንስተው ከእጇ ውስጥ አስቀመጡላት። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቁ።

"ዘና በይ ማለት ተኚ ማለት አይደለም። ትከሻሽን ከጆሮሽ አውርጂ። በትንሿ ጣትሽና ከሷ በምትቀጥለው ያዢው፤ የቀሩት ይረፉ። ሲመታሽ አትከልክዪው። ዱላሽ ይዙር፤ በመቺው ጉልበት ነው የሚዞረው። ዞሮ ሊያርፍ ሲል ያን ጊዜ ጨበጥ አድርጊው። ያን ጊዜ ብቻ። የደረቀ እጅ ጉልበቱን ሁሉ ለመያዝ ይጨርሰዋል፤ ለመምታት የሚተርፈው የለም።"

"ገብቶኛል።"

"ለጆሮሽ ገብቶታል፤" አሉ እትየ ሐረገወይን፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ድንጋዩ እየተመለሱ። "እጅሽ ገና አልሰማም።"

ይመኙሽ በሶውን በቅል ሞላች። ወደ ጓዳ ገባችና ከሞፈሩ ዕቃ መካከል አንድ ቀጭን ጠፍር አገኘች። አንዱን ጫፍ ከዱላው መሐል አሰረችው፤ ሌላውን በእጇ አንጓ ላይ ጠምጥማ አጥብቃ ቋጠረች። ነጠላዋን ጣል አደረገችበት። አሁን ቢመታም አይወድቅም። ለእትየ ሐረገወይን አልነገረቻቸውም።

*

አድማሴ በሬዎቹን እየነዳ ከወይራው ዛፍ ዘንድ ደረሰ። ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ከጠብ የሚሸሽ ጎልማሳ ነው፤ ሌላ አራሽ ሁሉ እምቢ ሲላት እሺ ያለው እሱ ብቻ ነበር።

"አስቀድሜ ልንገርሽ፤" አለ ቀንበሩን እያስተካከለ። "እሱ ከመጣ ሞፈሬን ትቼ ከዛፉ ሥር ነው የምቆመው። በሬ አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ጥርስም አለኝ።"

"እረስልኝ እንጂ ተዋጋልኝ መቼ አልሁህ፣ አያ አድማሴ?"

"ድሮ ሴት ለማጀት፣ ወንድ ለችሎት ይሉ ነበር። አንቺ ማጀቱንም ችሎቱንም ወሰድሽው። ለኛ ምን ተረፈን?"

"ሞፈሩ።"

አድማሴ ሳቀና ጅራፉን አጮኸ። ማረሻው ገባ። ጥቁሩ አፈር በዝናብ ርሶ ስለነበር ከማረሻው ጎን እየተገለበጠ ያብረቀርቅ ጀመር። ይመኙሽ ከድንበሩ ድንጋይ አጠገብ ቆመች። እትየ ሐረገወይን ከላይ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠዋል፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣም ብለዋታል። "እኔ ከገባሁ ጠቡ የኔ ይሆናል፤ መሬቱ ደግሞ ያንቺ ነው።"

ፋንታሁን ሲመጣ አልሮጠም። ቡልኮውን ተከናንቦ፣ ዱላውን በትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው በዝግታ ወረደ።

"እንዴት አደርሽ፣ እናቴ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደርህ፣ አያ ፋንታሁን? ልጆቹ ደኅና?"

"ደኅና ናቸው፤ ይመስገነው። በሬውን አስፈቺ።"

"ፍርዱን ታውቀዋለህ።"

"ጎንደር የተቀመጠ ዳኛ ይኸን ወይራ የት ያውቀዋል?"

"ወይራውን ባያውቀው የአባቴን ስም ያውቀዋል።"

ፋንታሁን ቡልኮውን ከትከሻው አወረደ። ፊቱ ላይ ንዴት ብቻ ሳይሆን ሌላም ነገር ነበር። "አባትሽ አልጋ ሲይዝ ያረስሁለት ማን ነው? ያገላበጥሁት፣ ያጠብሁት፣ የቀበርሁት? አንቺ እንፍራንዝ ነበርሽ። ለአርባው ነው የደረስሽ።"

ይኸ እውነት ነበር።

"እሱን አልክድም። እግዚአብሔር ይክፈልህ። መሬቱ ግን የኔ ነው።"

"እንግዲያው ያዢዋ፤" አለና ዱላዋን መታው።

ምቱ እንደ እሳት በክንዷ ሄደ። ጣቶቿ ተከፈቱ፤ ዱላው ግን በጠፍሩ ተንጠለጠለ። ፋንታሁን አንድ ጊዜ ግር አለው። ቀጥሎ ነጠላዋ ሲገለጥ ቋጠሮውን አየ። በግራ እጁ የዱላዋን ጫፍ ያዘና ሳበው። ይመኙሽ ከዱላው ጋር አብራ ሄደች። በጉልበቷ ወደቀች፣ ቀጥሎ በጎኗ። እሱ ወደ ኋላ እያፈገፈገ በአዲሱ ትልም ላይ ጎተታት፤ ቀሚሷ ከድንጋይ ላይ ተይዞ ከዳሌዋ እስከ ጉልበቷ ተተረተረ።

"ኧረ ጉድ!" አለ እየሳቀ። "ራስሽን እንደ ጥጃ አስረሽ መጣሽልኝ? ችንካሩን ረሳሽው!"

ከዛፉ ሥር አድማሴ ፊቱን አዞረ። እትየ ሐረገወይን ከመንገዱ ዳር ተነሥተው ቆሙ፤ ወደ እርሻው ግን አልወረዱም።

ፋንታሁን ለቀቃትና ወደ በሬዎቹ ሄደ። ቀንበሩን ሊፈታ ጎንበስ አለ። ይመኙሽ ተነሥታ ተቀመጠች። አፏ ውስጥ አፈር አለ። የጠፍሩ ቋጠሮ በመጎተቱ ጠብቆ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል፤ በጥርሷ ይዛ ነክሳ፣ ነክሳ ፈታችው። ወረወረችው። ከማንም በላይ በራሷ ተናዳለች። ያ ሁሉ ማለዳ፣ ያ ሁሉ ቁስል፣ ጥጃ ለመባል!

ቆመች። ቀኝ እጇ ደንዝዟል፤ ጣቶቿ ልጨብጥ ብትላቸውም አልታዘዝ አሏት። ዱላውን በደንዘዙት ጣቶች አንጠልጥላ ሄደችና በሱና በቀንበሩ መካከል ገባች።

"ተው፣ አያ ፋንታሁን።"

"አልበቃሽም?" ፋንታሁን ቀና አለ። አሁን መሳቁን ትቷል። "ከፊቴ ሂጂ።"

"ተው ብየሃለሁ።"

ሰነዘረ። ዱላዋን ከእጇ አርቆ ሊጥለው በሙሉ ጉልበቱ ሰነዘረ። ይመኙሽ የተማረችውን አላስታወሰችም፤ ምንም አላሰበችም። ክንዷ ደክሞ የተንጠለጠለ ነበር፣ ትከሻዋም ወርዶ ነበር፤ እምቢ የሚል ነገር ከውስጧ አልተረፈም። ምቱ አረፈ፤ የሚያቆመው ግን አላገኘም። ዱላዋ ዞረ። በጆሮዋ አጠገብ ሽው ብሎ ከኋላዋ አለፈ፣ ዳሌዋም ተከተለው፣ በሌላው ትከሻዋ በኩል መጣ። ሊያርፍ ሲል ሁለቱ ጣቶቿ በራሳቸው ጊዜ ተጨበጡ።

የተሰማው ድምፅ ትልቅ አልነበረም። የፋንታሁን ዱላ ከእጁ ወደቀ። ክንዱን በሌላው እጁ ይዞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ ተረከዙ ከትልሙ ጭቃ ላይ ሸተት አለና ቁጭ አለ።

ማንም አልሳቀም። ከበሬዎቹ አንዱ ጆሮውን አራገፈ።

ይመኙሽ እጇን አየችው። ጉልበት ያወጣች አልመሰላትም፤ አንድ ባልዲ ውሃ ያነሳች ያህል እንኳ አልተሰማትም። ይኸው ነበር ያናደዳት። ስንት ማለዳ ጥርሷን ነክሳ፣ ላቧ እስኪንጠባጠብ ታግላ ያላገኘችው ነገር፣ አሁን ታግላ ስትጨርስ፣ አልፈለግሁህም ስትለው መጣ። ለማን ይከሰሳል እንዲህ ያለ ነገር?

ፋንታሁን ተነሣ። ክንዱን ከደረቱ ለጥፎ ይዟል። ዱላውን ሊያነሳ ጎንበስ አለ፤ እጁ እምቢ ሲለው በግራው አነሳውና ወደ መጣበት ዳገት ሄደ። ቡልኮውን ረስቶታል። አድማሴ ከዛፉ ሥር ወጥቶ ቡልኮውን አነሳ፣ አፈሩን አራገፈ፣ አጣጥፎ ከድንበሩ ድንጋይ ላይ አኖረው።

"አንሸራተተው፣ አይደል?" አለ።

"ምን አልህ?"

"ጭቃው። ከዛፉ ሥር ሆኜ እንዳየሁት..."

"መታሁት፣ አያ አድማሴ!"

"እሺ፣ መታሽው። መምታቱንስ መታሽው። ግን ደግሞ ጭቃው..."

"እረስ!" አለች ይመኙሽ። "ዝም በልና እረስ!"

*

ገብሱ ተዘርቶ፣ አፈር ለብሶ፣ አድማሴም በሶውን ጠጥቶ ከሄደ በኋላ መምሬ ወልደ ዮሐንስ መጡ። የሰፈሩ ንስሐ አባት ናቸው፤ የሷም የፋንታሁንም። መስቀላቸውን አሳለሟትና ከመደቡ ላይ ተቀመጡ። እትየ ሐረገወይን ቀድመው ከማዶው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ስለ ጠፍሩ ገና አንድ ቃል አልተነፈሱም።

"ከፋንታሁን ቤት ነው የመጣሁ፤" አሉ መምሬ። "ክንዱ አብጧል። አጥንቱ ደኅና ነው፤ ልቡ ነው የተሰበረ።"

"እግዚአብሔር ይማረው፤" አለች ይመኙሽ፤ እንዲያ ማለት ስላለባት።

"ልጄ፣ ነገሩን በአጭሩ ልንገርሽ። በሴት ዱላ ወደቀ ከተባለ ገበያ አይወጣም፣ ሰንበቴ አይቀመጥም። እንዲያ የሆነ ሰው ሁለተኛ በዱላ አይመጣም፤ ጠመንጃ ይዞ ነው የሚመጣ። አውቀዋለሁ፤ ያጠመቅሁት እኔ ነኝ። ጭቃ ጣለው ከተባለ ግን ሌላ ነው። ጭቃ ንጉሥም ይጥላል። እንዲያ ከሆነ ከጊዮርጊስ ደጅ ቆሞ፣ መሬቱን ዳግመኛ ላይረግጥ በግዝት ይታሰራል።"

እትየ ሐረገወይን ከመደቡ ብድግ አሉ። "ጭቃ? ይችን ልጅ ከፋሲካ ጀምሮ ያሠለጠናት ጭቃ ነው?"

"ተቀመጪ፣ ሐረገወይን።"

"አልቀመጥም! እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ዱላው ሲዞር አይቻለሁ። እንዲያ ሲዞር ያየሁት አባቴ ከሞተ ወዲህ ዛሬ ነው። ደግሞ ይኸን ጭቃ ነው በይ ይሏታል! ቄስ ውሸት ያስተምራል?"

"ውሸት ተናገሪ አላልሁም፤" አሉ መምሬ ወደ ይመኙሽ ዞረው። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጭቃ አልነበረም?"

"ነበረ።"

"አላንሸራተተውም?"

"አንሸራትቶታል።" ይመኙሽ እጇን ጨበጠች። "ከመታሁት በኋላ።"

ይመኙሽ ወደ ደጅ ተመለከተች። "መታሁት" የሚለው ቃል ቅዳሜ ገበያ ላይ እንዲወራ ትፈልግ ነበር። ባለፈው ዓመት በስባሪው ዱላ የሳቁት ሴቶች እንዲሰሙት ትፈልግ ነበር። መሬቱን እንደፈለገችው ያህል፣ ምናልባትም የበለጠ፣ ይኸን ትፈልገው ነበር፤ ይኸንንም ያወቀችው አሁን ገና ነው። ቃሉን አጥብቃ ብትይዘው ፋንታሁን ጠመንጃውን ይዞ ይመጣል፤ መሬቱም ለሦስተኛ ሰው ይቀራል።

"ሰው ሲጠይቀኝ ጭቃ ነበረ እላለሁ፤" አለች በመጨረሻ። "መታሁት ብዬ አላወራም። አልመታሁትም ግን አልልም፤ ቢገድሉኝም አልልም።"

"ይበቃል፤ ለሱም ይበቃዋል።"

"ግዝቱ ግን ዛሬ ይሁን። ዛሬ ካልታሰረ ነገ ጠዋት ወደ ውሃ ስወርድ ለሚያገኘኝ ሁሉ እናገራለሁ።"

መምሬ ወልደ ዮሐንስ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። "አንቺስ አባትሽን ነሽ፤" አሉና ተነሡ። ከደጁ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ "ቡልኮውን ስጪኝ፤ እሱንም ጠይቋል፤" አሉ።

ከእርሻው ይዛው ተመልሳ ነበርና ሰጠቻቸው።

እትየ ሐረገወይን ምርኩዛቸውን ይዘው ከቤቱ መሐል ቆመው ቀሩ። "ለወንድ ክብር ስትይ የኔን ሥራ ሸጥሽው፤" አሉ። "እኔስ ምን ብዬ ልሙት? ጭቃ አስተምሬያለሁ ብዬ?"

"እትየ፣ እርስዎ አይተዋል። ለኔ..."

"አትንገሪኝ!"

ሳይሰናበቱ ወጡ። ይመኙሽ ልትከተላቸው ተነሣችና ተወችው። የሚናገሩት ሁሉ ልክ ነበር፤ ያንን ብትሰማም ግን ሐሳቧን አትቀይርም።

ፀሐይ ከወይራው ጀርባ ከመግባቷ በፊት ከጊዮርጊስ ደጅ ሰዎች ሲበተኑ ታዩ። መምሬ የላኩላት ሽማግሌ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ፣ "ታስሯል! በሦስት ካህናት ፊት!" ብሎ ጮኾ መንገዱን ቀጠለ። ይመኙሽ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለች። ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ደረቷ ላይ ያለው ነገር ግን ከጠዋቱ ብዙም አልቀለለም።

የተቀደደ ቀሚሷን አውጥታ ከደጁ ላይ ተቀመጠች። ነጭ ክር አጥታ በጥቁር መስፋት ጀመረች።

ጎረቤቷ እንኳየሁ ከምንጭ ስትመለስ እንስራዋን እንዳዘለች ከአጥሩ ዘንድ ቆመች። "ይመኙሽ! ፋንታሁንን ጭቃ ጣለው አሉ፤ እውነት ነው?"

መርፌዋ ከጨርቁ መሐል ቆመ። እንኳየሁ ባለፈው ዓመት ከሳቁት መካከል ነበረች።

"ጭቃ ነበረ፤" አለች ይመኙሽ።

"እንዲያው ጭቃ ብቻ?"

"ሰኔ አይደል፤ ምን ይጠፋል።" መርፌዋን ሳበች።

እንኳየሁ ቀሚሱን አየች፣ በአንጓዋ ላይ የቀረውን የጠፍር ሰንበር አየች፤ ሌላ ምንም ሳትጠይቅ እንስራዋን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ሄደች።

ስፌቱ ሸጋ አልነበረም፤ ከሩቅ ይታያል። ይመኙሽ እስከ ጫፉ ሰፋችው፣ ቋጠረችው፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። መርፌዋን ከምሰሶው ላይ ሰካችና ቀሚሱን አጣጥፋ ከመደቡ ላይ አስቀመጠችው።